ከዓመታት በኋላ ዳግም ውሻ ማሳደግ

ለዓመታት ውሻ ወዳልነበረበት ግቢ ቡችላ ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር ማየት ይገባል፤ አጥሩን፣ ቤት የሚውለውን ሰው፣ ውሻውን በየዓመቱ ለክትባት ይዞ የሚወጣውን ሰው። በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ እንደ ግራና ባለ የገጠር ቀበሌ ቀድሞ የነበረው ውሻ ታሞ ወይም መርዝ በልቶ ይሞታል። ሕፃን ሲወለድ ደግሞ «ለጊዜው ይቅርብን» ይባላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ሌሊት ጅብ በረት ይሰብራል፣ ወይም ማሽላው ሊደርስ ሲል ዝንጀሮ ይወርድበታል፤ ጎረቤት ደግሞ የወለደች ውሻ ትኖረዋለች። ቡችላው በአንድ ቀን ወሬ ይመጣል። በደንብ የተያዘ ውሻ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ የሚወሰነውም ስለዚያ ሁሉ ዘመን ነው።

ውሻ በዚህ አገር ሥራ አለው። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ስሙን የወሰደበት ሸለቆ የእርሻ አገር ነው፤ ጤፍና ማሽላ ይዘራበታል፣ መስኖ በደረሰበት ደግሞ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ ይለማል። ከሜዳው በላይ ያለው ገደልና ቁጥቋጦ የዝንጀሮ፣ የከርከሮ፣ የጃርትና የጅብ ነው። ማሽላ ከእሸቱ ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ማማ ላይ የሚቀመጥ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ከማማው ሥር ውሻ ካለ ጠባቂው ያላየውን ውሻው ያሸተዋል። ትልቁ ጥቅሙ ቀድሞ መስማቱና መጮሁ ነው። አንድ ውሻ ጅብን አይችልም፤ ነብር ደግሞ ውሻውን ራሱን ያድናል። ባለቤቱን ቀስቅሶ ባትሪና ዱላ ይዞ እንዲወጣ የሚያደርገው ጩኸቱ ነው። ስለዚህ ለጥበቃ የሚፈለግ ውሻ ግዙፍ እንዲሆን ግድ የለም። ከከተማ የሚመጣው ጸጉራምና ትልቅ «የፈረንጅ ውሻ» ብዙ ይበላል፣ የቆላው ሙቀትም ያስቸግረዋል። አጭር ጸጉር ያለው መካከለኛው የአገር ውሻ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ከቀድሞው የተለወጠው ቤቱ ነው። ሀብሩ ልጆቿን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች በብዛት ከሚልኩ የወሎ ወረዳዎች አንዷ ናት። ድሮ ውሻውን የሚያበላው፣ የሚያስረው፣ ከከብት ጋር ይዞት የሚውለው እረኛ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ያ ልጅ ወይ ትምህርት ቤት ውሏል ወይ ጅዳ ገብቷል። ቤት የቀሩት እናትና አባት ሌሊቱ ስለሚያስፈራቸው ውሻ ይሻሉ፤ ሲዘል የሚጥላቸውን፣ ጫማና ዶሮ የሚያነክተውን ቡችላ ግን የሚገሥጹበት ጉልበት የላቸውም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ቤት ጠባዩ የታወቀ፣ የተከተበ፣ ባለቤቱ ሊለቅ የፈለገው የጎረቤት ውሻ ከቡችላ በብዙ ይሻላል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጎልማሳ ውሻ ማስጠጋት ግን አደጋ አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በሰውነቱ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

የምግቡም ሂሳብ አስቀድሞ ቢሠራ ይበጃል። ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ850 እስከ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ሁሉም ከማሽላ ዱቄት ይሸፈን ቢባል በቀን ከሩብ ኪሎ በላይ፣ በዓመት ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። በእርግጥ አብዛኛውን የሚሸፍነው የገበታ ትርፍራፊ ነው፤ ለሰው ያልበቃው ቤት ግን ለውሻም አይተርፈውም። የተራበ ውሻ ደግሞ ግቢ አይጠብቅም፤ ቆሻሻ ፍለጋ ይዞራል፣ የሰው ዶሮ ይበላል። እህል ብቻውንም አይበቃውም። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ከክርስቲያን ቤት የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ነውና፣ በዚያ ወቅት የተቀቀለ ጥራጥሬ መጨመር፣ ዶሮ ካለ አልፎ አልፎ እንቁላል መስጠት ያስፈልጋል።

ሽንኩርት በሚመረትበት አገር አንድ ነገር በተለይ ሊታወቅ ይገባል። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ብዙ የበላ ወይም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የለመደ ውሻ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ትንሽ ሮጦ ይደክመዋል። ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ስለዚህ ለውሻ የሚቀርበው ወጥ ያልነካው እንጀራ ወይም ለብቻው የተገነፋ ገንፎ ቢሆን ነው የሚመረጠው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ስለሚሾል አንጀት ይወጋል፤ በበዓል ማግስት ሊጠነቀቁት ይገባል።

በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብቶ፣ ብዙ ጊዜም ተዛምዶ ይኖራል፤ ስለ ውሻም ሁለቱም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በእስልምና ለከብት ጥበቃ፣ ለአዝመራና ለአደን ውሻ መያዝ ተፈቅዷል፤ የውሻ ምላስ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ የሚያዝ ሐዲስም አለ። በቁርኣን የዋሻው ሰዎች ታሪክ ውስጥ ውሻቸው በደጃፉ ተኝቶ ይገኛል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ደግሞ ውሻ ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ይከለከላል። በሁለቱም ቤት የውሻ ቦታ ደጅ ነው፤ ይህም ከጤና ትምህርት ጋር ይስማማል። የራሱ ሳህን፣ ከማድ ቤቱና ከውሃ ማስቀመጫው ራቅ ያለ የራሱ ማደሪያ ሊኖረው ይገባል። ደጅ ይደር ማለት ግን ሜዳ ላይ ይጣል ማለት አይደለም። ከፀሐይ የሚጠለልበት ጥላ፣ ከክረምቱ ዝናብ የሚያስጥለው ጣሪያ፣ ቀኑን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ያስፈልገዋል። እነዚህን መስጠት የማይችል ቤት ቡችላውን ባይወስድ ለቡችላውም ደግ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ወሎ ይህን በሽታ ካወቀው ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ትግራይን፣ ቤጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን ያዳረሰ ወረርሽኝ በታሪክ ተመዝግቧል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል። በበሽታው ከተያዙ ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ ያገኛቸው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን የሚቻል አይደለም ማለት ይቻላል። ቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል፤ ልጅ በዚህ በሽታ መሞቱን እጅግ የሚያሳዝን የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ይደገምለታል፤ ከዚያም የእንስሳት ጤና ባለሙያው በሚነግረው ጊዜ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቆማል። አሥር ውሻ ባለበት መንደር ሰባቱ መከተብ አለባቸው ማለት ነው፤ አዲስ የሚመጣው አሥራ አንደኛ ውሻ ካልተከተበ የጎረቤቱን ሁሉ ድካም ያጎድላል። ውሻ የአንድ ቤት ቢሆንም አያያዙ የመንደር ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው። በብዙ ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መፍጀት ሲሠራበት ኖሯል። የሞቱትን ግን ሌሎች ቡችሎች በፍጥነት ይተኳቸዋል፤ መርዙም የተከተበውን የሰው ውሻ ጭምር ይገድላል። በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው።

ያበደ ውሻ ሁልጊዜ አረፋ እየደፈቀ አይሮጥም። ጩኸቱ ሊለወጥ፣ መንገጭላው ሊንጠለጠል፣ ባለቤቱን ሊረሳ፣ ድንጋይና እንጨት ሊነክስ ይችላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጨለማ ጥግ ገብቶ ዝም ይላል፣ እግሩም ይዝላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ አለበት፤ ቁስሉን ማሰርም ሆነ በቅጠል መድፈን አይገባም። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የፈለገ ሰው ከክትባቱ ጎን ለጎን ሊያደርገው ይችላል፤ በእነሱ ምክንያት መዘግየት ግን ሕይወት ያሳጣል። ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ከበግ አንጎል የሚሠራውንና ሆድ ላይ ለብዙ ቀናት በተከታታይ የሚወጋውን የድሮ ክትባት ያስታውሳሉ፤ ከጤና ጣቢያ የሚያርቃቸውም አንዳንዴ ያ ትዝታ ነው። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ክትባት ክንድ ላይ ይወጋል፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። የነከሰው ውሻ የታወቀ ከሆነ ወዲያው አይገደልም፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል። ሲነክስ በምራቁ ውስጥ በሽታው ኖሮ ከሆነ በእነዚያ ቀናት ታሞ ይሞታል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ግን የተነከሰው ሰው ከዚያ ጭንቀት ይገላገላል።

ከውሻ የሚመጣው ችግር በዚህ አያበቃም። በግ በአንድ አቅጣጫ እየዞረ፣ ራሱን እያዘመመ የሚሞትበትን አዙሪት ያየ ገበሬ ከውሻው ጋር ላያገናኘው ይችላል። የበሽታው መነሻ ግን በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ትል ነው፤ እንቁላሉ በውሻ እዳሪ ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጉ ይግጠዋል፣ እጩም አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ውሻ የሞተውን በግ ራስ ሲበላ ዑደቱ ይሞላል። ሌላው የዚሁ ዘመድ የሆነ ትል በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት የሚያድግ ከረጢት ያስከትላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የታረደ በግ ጭንቅላትና የታመመ ሆድ ዕቃ ጥሬውን ለውሻ አለመጣል፣ መቅበር ወይም ማቃጠል፤ ለውሻውም በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት መስጠት። በግ የሚያረባ ቤት ይህን ማድረግ ካልፈለገ ውሻው ጅቡ ከሚበላበት በግ የበለጠ ሊያሳጣው ይችላል።

ከሸለቆው ርቆ፣ በላስታ በኩል፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ ከ500 ያነሰ ነው። በባሌ ከአንድ ጊዜ በላይ ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ደጋውን የሚረግጥ ውሻ መከተቡ ለእነሱም ነው።

ሁሉም ተመዝኖ «እሺ» ከተባለ፣ ቡችላው ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ባይለይ መልካም ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያየውን ሁሉ የሚለምድበት ጊዜ በመሆኑ ሕፃን፣ ዶሮ፣ በግና እንግዳ በዚያን ወቅት ሊያይ ይገባዋል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ቡችላ ይመርጣል፤ ሴቶቹ ይጣላሉ፣ ከተጣሉትም የሚተርፉት መንገድ ላይ ይወልዳሉ። ሴት ውሻ ግን ለጥበቃ ከወንዱ አታንስም፤ ርቃም አትዞርም። ጭንቀቱ መውለዷ ከሆነ፣ የሚያመክን ባለሙያ በማይገኝበት ቦታ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል ዘግቶ ማቆየት ይቻላል። ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ ጆሮ መቁረጥ ከሥቃይና ከቁስል በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻም ንዴተኛ ይሆናል፤ የተፈታ ቀን ሌባና የጎረቤት ልጅ አይለይም።

ስለዚህ ወደ አጥሩ መመለስ ግድ ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚባለው ነገር በእሾህ አጥር ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ውሻው የሚሾልክበት ቀዳዳ ካልተደፈነ ጠባቂው ራሱ በር ከፋች ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦትም ቢሆን፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። «ሳላውቅ ወጣብኝ» ማለት አያድንም። ከመወሰን በፊት ጎረቤትን ማማከር፣ በተለይ ሕፃናት ያሏቸውን፣ በሽምግልና የሚያልቅ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

የሚቀረው ቤቱ ሲበተን ውሻው ማን ጋ ይሆናል የሚለው ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሰሜን ወሎ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ያለውን ሁሉ ጥሎ ተሰድዷል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ልጅ ይሰደዳል፣ ወላጅ ይታመማል፣ ቤት ይሸጣል። ቡችላው ሲመጣ ተረካቢውን ጎረቤት ወይም ዘመድ አብሮ መሰየም፣ የክትባት ወረቀቱንም ሌላ ሰው በሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።