አረንጓዴ ድንች ወደ ድስት አይግባ

ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1858 ነበር። ይህ መልካም ምግብ አያያዙን ካላወቁበት ሕመም ያመጣል።

ድንች ሥር ቢመስልም በእውነቱ ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው። ስለዚህ ብርሃን ሲያገኘው እንደ ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ ራሱ አይጐዳም፤ ነገር ግን ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ አብሮት ይበዛል። ይህም የሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ በመቀቀልም አይጠፋም።

ጥንቃቄው ከእርሻው ይጀምራል። ፍሬው ፀሐይ እንዳያየው ለተክሉ አፈር ደጋግሞ ማስታቀፍ ይገባል። ከተቈፈረም በኋላ የቈሰለውን ለይቶ፣ የቀረውን ሳያጥቡ ነፋስ በሚገባበት ቀዝቃዛና ጨለማ ክፍል ማኖር ነው። ለዚህም የወገል ጤናና የላስታ ደጋ ብርድ ይረዳል። ዳሩ ግን ብርዱ ከ4 ዲግሪ በታች ከወረደ የድንቹ ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሲጠበስ ይጠቁራል።

ለዘር የሚቀመጠው ግን ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው ብርሃን በመደርደሪያ ላይ ቢሰጣ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። አረንጓዴ መሆኑ ለዘርነቱ አይጐዳውም፤ ለመብል ግን ከቶ አይሆንም። የዘሩና የመብሉ ድንች አንድነት አይቀመጥ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ አስረዱ፦ አረንጓዴው ጥቂት ከሆነ ከነቡቃያው በወፍራሙ ልጦ መጣል፤ ከበዛ ወይም ከመረረ ድንቹን ጨርሶ መተው ነው።