ደበበ እሸቱ የኛን አባት ሆነው ሲጫወቱ

እዚህ ሐዴራ በሥራዬ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝን አንድ ጉዳይ ዛሬ በአንድ ተዋናይ በኩል ላስረዳችሁ። ተዋናዩ አርቲስት ደበበ እሸቱ ናቸው። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ስማቸው እንግዳ አይደለም። ከጎንደር ገጠር ተነስተው በሱዳን በኩል የመጡት ወላጆቻችን ግን የቴአትር ቤት ደጃፍ ስላልረገጡ ብዙዎቹ አያውቋቸውም።

አርቲስት ደበበ የቴአትር ትምህርት በሃንጋሪ ተምረው በአዲስ አበባ መድረኮች ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆነው ተጫውተዋል። መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ ነበር፤ እሳቸው ፊታቸው የሚታወስ፣ ስማቸው ግን በትልቁ የማይጻፍ ዓይነት ተዋናይ ነበሩ። በ2005 ከተደረገው የኢትዮጵያ ምርጫ በኋላም ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው በ2007 ተፈትተዋል።

ወደ እኛ ጉዳይ የሚያመጣን በ2014 የወጣው «ቀይ ቅጠሎች» ነው። በአነስተኛ ወጪ የተሠራ፣ አብዛኛው ንግግሩም አማርኛ የሆነ የእስራኤል ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ከማኅበረሰባችን የወጣው ባዚ ጌቴ ሲሆን መነሻው የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ነው። አርቲስት ደበበ የ74 ዓመት አባት ሆነው ይጫወታሉ። አባትየው አገሩ ከገቡ 28 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዕብራይስጥ እምብዛም አይናገሩም። ሚስታቸው ሲሞቱ አፓርታማቸውን ይሸጡና በየተራ ከልጆቻቸው ጋር ሊኖሩ ይነሳሉ።

በአገር ቤት ቢሆን ይህ ምንም አያስገርምም ነበር። አባት ልጁ ቤት ሲገባ እንግዳ አይባልም፤ ከፍ ያለው መቀመጫ የሱ ነው፣ ጠብም ቢነሳ ፈራጁ እሱ ነው። እዚህ ግን ልጅ ማሽካንታ ይከፍላል፣ ባልና ሚስት ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው፣ የልጅ ልጆች አያታቸውን የሚያነጋግሩበት ቋንቋ የላቸውም። አባት በልማዱ ለማዘዝ አፉን ሲከፍት ያ ቤት የሱ እንዳልሆነ ይነገረዋል። የሚመለስበት ቤት ደግሞ ተሽጧል። እኔ በሥራዬ የማየው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ልጅ አይደለም፤ አስቀድሞ ያልተነጋገረ ቤተሰብ ነው። አንድ ወላጅ ቤቱን ከመሸጡ በፊት ልጆቹን ሁሉ አንድ ላይ ማስቀመጥና የት እንደሚተኛ፣ የቢቱዋሕ ሌኡሚ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ መነጋገር አለበት። ይህን ማድረግ ነውር አይደለም።

አርቲስት ደበበ ይህን ሁሉ የሚያሳዩት በብዙ ንግግር አይደለም። ዝም ብለው ሲቀመጡ፣ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ሳይ አጎቴን ያየሁ መሰለኝ። ሰውየው ቤተ እስራኤል አለመሆናቸውን የነገርኳቸው ሽማግሌዎች አላመኑኝም።

ፊልሙን በሞዐዶን አብረን ስናይ ብዙ እናቶች አለቀሱ። ሲያልቅ አንድ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ «ልጄ፣ ቤቱን በስንት ነው የሸጠው?» ብለው ጠየቁኝ።