«ወላጅ ይዘህ ና!»

ይህን ቃል ከመምህር አፍ ሰምቶ ያልደነገጠ ከመካከላችሁ ካለ እርሱ ዕድለኛ ነው። እኔ ዛሬ የልጆች አባት ሆኜም ስሰማው ሆዴ ይባባል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ደግሞ በሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ሳለ ሰማሁት፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ቦታው ሰሜን ወሎ፣ ሐራ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ለሚያልፈው የባቡር መስመር መድረሻ ተብላ «ሐራ ገበያ» በሚል ስሟ በየዜናው ስትነሣ የሰማችኋት ከተማ ናት። ወሩ ጥቅምት ነበር። ማሽላው እሸት ይዞ ቆሟል፤ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ያደርኩት ከድሮ ጀምሮ ከማውቃቸው፣ በጌታ ከሆኑ ባልና ሚስት ቤት ነው።

የመጀመሪያ ልጃቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጠዋት ስነሣ ከቦኖ ውኃ ቀድታ ተመልሳለች። ታናናሾቿን ቁርስ አበላች፣ ቤቱን ጠራረገች፣ ዩኒፎርሟን እየቆለፈች በሩጫ ወጣች። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተመልሳ መጣች። ስሙን ልተወውና የምትማርበት ትምህርት ቤት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በሩን ይዘጋል። ሦስት ጊዜ ያረፈደ ደግሞ ወላጅ ይዞ ይመጣል። ለእርሷ ሦስተኛዋ ቀን ነበረች።

«አባባ፣ ወላጅ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ» አለች መሬት መሬት እያየች።

«ድሮስ!» አለ አባት። «ዛሬ መምህር አይመታ፣ አይቆጣ። ምኑን ትፍራ? በእኛ ጊዜ አንድ ቀን ያረፈደ ሁለተኛ አያረፍድም ነበር።»

«ውኃውን ማን ሊቀዳ ኖሯል? አንተ?» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

ከዚያ ዝም ተባለ። እንግዳ በመሃል ባልኖር ዝም እንደማይባል ገባኝ።

ልጅቷን «እስቲ የክፍላችሁን ሕግ አሳዪኝ» አልኳት። ደብተሯን አወጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መስከረም ውስጥ መምህሩ ያጻፏቸው አሥራ ስምንት ነጥቦች ተደርድረዋል። ማርፈድ ክልክል ነው። ያለ ዩኒፎርም መምጣት ክልክል ነው። ሞባይል ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማስቲካ ክልክል ነው። መኮረጅ ክልክል ነው። እታች «የወላጅ ፊርማ» ይልና የአባቷ ፊርማ አለበት።

«አንብበኸዋል?» አልኩት።

ሳቀ። «ፈርም አለችኝ፤ ፈረምኩ።»

የተከራየሁት አባት

በሰው ለመፍረድ አልቸኮልኩም፤ የራሴ ታሪክ አለኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀረሁ። ምክንያቱ ኳስ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ሰኞ ዕለት ሞኒተሩ ስሜን ጠቅሶ ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ገባሁ፤ «ወላጅ ይዘህ ና» ተባልኩ። አባቴ ደግሞ እጁ ከባድ ነበር። ስለዚህ ብዙ ተማሪ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አባት ተከራየሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ጫማ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሁለት ብርና በአንድ ብርጭቆ ሻይ ተስማማን። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከዩኒት ሊደሩ ፊት ቆሙ። እንዴት ያለ ምክር መከሩኝ! «ይህን ልጅ እናቱ ከሞተች ለብቻዬ ነው ያሳደግሁት» ብለው ድምፃቸው ተሰበረ። እናቴ በዚያች ሰዓት ቤት ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ነው። ዩኒት ሊደሩ አመኗቸው፤ እኔም ለጥቂት አመንኳቸው። ከግቢው ስንወጣ ሽማግሌው ሁለቱን ብር መለሱልኝ።

«ሻዩን ጠጥቻለሁ፤ ይበቃኛል። ግን ልጄ፣ አባትህን ይህን ያህል ትፈራዋለህ?»

መልስ አልሰጠኋቸውም። አባቴም ነገሩን ሳይሰማ አረፈ። ትምህርት ቤቱ ሕጉን አስከበረ፣ መዝገቡ ላይ «ወላጅ ቀርቧል» ተብሎ ተጻፈ፤ ያ ሁሉ ሲሆን አባቴ ልጁ አንድ ሳምንት ከክፍል እንደ ቀረ አላወቀም። ዛሬ የማዝነው ስለዚህ ነው። እንዳላውቅበት ያደረግሁት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስለ ጥፋት የምንነጋገርበት መንገድ በመካከላችን ስላልነበረ ነው። በትር ብቻ ነበር።

በትሩስ?

የሐራው ወዳጄ «ዛሬ መምህር አይመታ» ሲል እንደ ጉድለት ቆጥሮት ነው። በአብያተ ክርስቲያናትም እንዲህ የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል። መምህሩን ያገኙትና «ዐይኑን ብቻ ተጠንቀቁልኝ እንጂ ሌላውን እንደ ፈለጋችሁ» ይሉታል። ምሳሌ 13፥24ንም ይጠቅሱለታል።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። ስለዚህ «ግረፍልኝ» ብሎ መምህርን የሚለምን ወላጅ ሰውየውን ሕግ እንዲጥስለት እየለመነው ነው። የምሳሌው ቃልም ቢሆን የተነገረው ለአባት ነው፤ ለሒሳብ አስተማሪ ውክልና የሚሰጥበትን ቦታ አላየሁም። ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ደግሞ በትር ለምን እንደሚያዝ ያውቃል። ወደ ገደል የሚሄደውን ይመልሱበታል፣ ጅብ ያባርሩበታል። በጉን ሲደበድብ የሚውል እረኛ ማታ ምን ይዞ ይገባል? ጳውሎስም በኤፌሶን 6፥4 ያሳሰበው ልጆችን ሳይሆን አባቶችን መሆኑን ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን እናልፋለን።

ታዲያ አለመምታት ማለት ሕግ አለመኖር ነው? በፍጹም! ይህን የምለው ኋላ እኔም መምህር ስለሆንኩ ነው።

በር የዘጋሁበት ዘመን

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ ያኔ «ፕላዝማ» ያልነው ማለት ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ፕላዝማ ማንንም አይጠብቅም። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ተማሪው አፉን ከፍቶ ያያል፣ እኔ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ልጅ ዘግይቶ በሩን ሲከፍት የሃምሳ ስድሳ ልጅ ዐይን ወደ እርሱ ይዞራል፤ ሲመለስ ትምህርቱ አልፏል። ስለዚህ በር መዝጋት ጀመርኩ። ትክክል መሰለኝ። አሥር ደቂቃ ያረፈደውን ልጅ ለመቅጣት አርባ ደቂቃ እወስድበት እንደነበር የታየኝ ቆይቶ ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ትምህርት ያመለጠውን ትምህርት አሳጣዋለሁ።

አንድ ዓመት ላይ ግን ነገሩን ለወጥኩት። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠን ሕጉን አብረን ጻፍነው። ረጅሙ ዝርዝር ወደ አምስት ወረደ። በሰዓቱ መገኘት፤ ደብተርና መጽሐፍ ይዞ መምጣት፣ መጽሐፍ የሌለው ካለው ጋር ቀድሞ መስማማት፤ ሌላው ሲናገር ማዳመጥ፤ የራስን ሥራ ብቻ ማስረከብ። አምስተኛዋን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ናት ያመጣቻት፤ «መምህሩም ካረፈዱ ይቅርታ ይጠይቁ»። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጻፍኳት። በዚያ ሴሚስተር ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ያረፈደ ልጅ ዝም ብሎ ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ በዕረፍት ሰዓት መጥቶ ምክንያቱን ይነግረኛል፣ ያመለጠውን ይገለብጣል። ሲደጋገም በምን ቅደም ተከተል ወዴት እንደሚደርስ፣ መቼ ሆም ሩም መምህሩ፣ መቼ ወላጅ፣ መቼ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደሚያየው ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። የባለሥልጣን ልጅም፣ የጉልት ነጋዴ ልጅም እኩል ነው። ሁሉም ተስተካከለ አልልም። ግን ምክንያት መስማት ስጀምር አብዛኛው ምክንያት ከክፍል ውጭ ሆኖ አገኘሁት። ውኃ፣ ከብት፣ የገበያ ቀን፣ የታመመ ታናሽ፣ ሌሊቱን ሲጣሉ ያደሩ ባልና ሚስት።

አራተኛዋን ሕግ፣ የራስን ሥራ ማስረከብን፣ ቀለል አድርገን አንያት። አገሪቱ በሙሉ ስለ እርሷ ትምህርት ወስዳለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠበት ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. በተነገረው ውጤት፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና ከ585,882ቱ 48,929 አለፉ፤ ከመቶ ስምንት ነጥብ አራት ማለት ነው። የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የመምህሩ ኑሮ፣ ጦርነቱ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን «መኮረጅ ክልክል ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በየደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለዓመታት ሲጻፍ ኖሯል። ልጁ ከጎረቤቱ ልጅ የቤት ሥራ ሲገለብጥ እያየን «ጎበዝ፣ ቶሎ ጨረስክ» ያልነው እኛው ነን።

ማታ በሐራ

ያን ዕለት ማታ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት እናትየው ስለ ልጅቷ አወራችልኝ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ልጅቷ ገና ትንሽ ነበረች። ትምህርት የለም፤ ኋላም ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ እንኳ ተርፎላቸው አልተገኘም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ከአራት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። «ይህቺ ልጅ ክፍል ተቀምጣ ሳያት ተአምር ነው የሚመስለኝ» አለች እናትየው። «በበር ሲመልሷት ግን ሆዴ ይቆረጣል።»

አባትየው ጸጥ ብሎ ሰማ። እኔም አንድ ነገር ብቻ አልኩ፤ ከዚያ ዘመን የወጣ ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልገዋል። ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ቢያጠፋ ምን እንደሚገጥመው፣ ማን እንደሚሰማው። ያንን ክፍል ውስጥ መምህሩ ሊሰጠው ይችላል፤ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ያለው ግን የወላጆች ነው። እናንተ ባልና ሚስት ሳትስማሙ የፈረማችሁትን ወረቀት ልጁ በሩጫ ሊያስፈጽመው አይችልም።

ልጅቷ ደብተሩን አምጥታ አሥራ ስምንቱንም ነጥብ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነው። ማስቲካው ላይ ተሳሳቁ። ሞባይሉ ላይ ተከራከሩ፤ ለካ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ የምትከተው እናትየው ራሷ ናት፣ «ከመሸባት ትደውልልኝ» ብላ። ያን ለመምህሩ መንገር እንደሚቻል ማናቸውም አስበውት አያውቁም። «ከትምህርት መቅረት ክልክል ነው» ላይ ሲደርሱ አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያ ወር የወፍ ጥበቃውን ተራ የሚያወጣው እርሱ ነው።

ወደ ማርፈዱ ተመለሱ።

«እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ውኃውን እኔ ላምጣ?» አለ አባትየው፤ ጥያቄ ይሁን ቁጣ አልለየሁም። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ውኃ አይቀዳልን» አለች ሚስቱ፣ ስኒ እያጠበች።

በማግስቱ አባትና ልጅ አብረው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውዬ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅቷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ያረፈደችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እርሱም መምህሩ ምክንያቷን ሰምተው አስገብተዋታል። ሁለቱን ጀሪካን አህያ ላይ ጭኖ የሚያመጣው አባቷ ነው። ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሰው ሳያየው።

«የወፍ ጥበቃውስ?» አልኳት።

«እሱን ገና እየተነጋገሩበት ነው» አለችኝ።