የክርስቲያን ክብር በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር



የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን የሰውን ሥራ በሦስት ከፍለው ያስተምራሉ፤ ሐልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር ይሉታል። ሐልዮ በልብ የሚታሰበው፣ ነቢብ በአንደበት የሚነገረው፣ ገቢር በእጅ የሚፈጸመው ነው። የክርስቲያን ክብርም እነዚህ ሦስቱ በእውነት ተስማምተው ሲኖሩ ነው እንጂ ሰው በአደባባይ የሚያለብሰን ካባ አይደለም። ካባን ያለበሰ መልሶ ሊገፍፍ ይችላል፤ ይህን ክብር ግን ባለቤቱ ራሱ ካልጣለው በቀር የሚወስድበት የለም።

ለዚህ ምስክር ይሆኑን ዘንድ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን እናስታውስ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ለወራሪው እንዲገዙና አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠየቁ። ልባቸው ያላመነበትን አንደበታቸው አልናገር ስላለ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ የሰማዕቱ ሐውልት ግን ዛሬም በዚያችው ከተማ ቆሞ ይታያል።

እንዲህ ያለ ጽናት በፈተና ቀን በድንገት የሚገኝ አይደለም፤ ማንም በማያየው በትንሹ ነገር እየተለመደ የሚያድግ ነው። ልምምዱም ከልብ ይጀምራል። ክፉ አሳብ ወደ ልብ መምጣቱ ብቻውን ሰውን አያዋርድም፤ ወንበር ስበው ያስቀመጡት እንደ ሆነ ግን ውሎ አድሮ እንግድነቱን ትቶ የቤቱ ጌታ ይሆናል።

ከልብም ወደ ቤታችን እንውጣ። ባለዕዳ የሆነ አባት፣ አበዳሪው በር ሲያንኳኳ ወይም ስልክ ሲደውል፣ ልጁን «አባባ የለም በል» ብሎ ቢያዘው ከዕዳው አንድ ቀን ያተርፍ ይሆናል። ነገር ግን ልጁ ያን ዕለት እውነት ሲመች የምትለበስ፣ ሲከብድ የምትወልቅ ልብስ መሆኗን ተማረ። ይኸው ልጅ ነገ በፈተና ላይ ከጓደኛው ቢቀዳ፣ መምህሩ የሚፈርደው በማን ላይ ነው? ነጋዴም ሚዛኑን ቢያዛባ፣ እናትም እንግዳዋን በፈገግታ ሸኝታ በሩ ሳይዘጋ ብታማ፣ ልጆች ይህን ሁሉ ያለ መምህር ያጠናሉ።

እንግዲያስ ያ አባት ምን ያድርግ? ራሱ ወደ በሩ ይውጣና «ዛሬ የምከፍለው የለኝም፤ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ» ይበል። ለዚያች ሰዓት ፊቱ ያፍር ይሆናል፤ ልጁ ግን ክብር ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከአባቱ ፊት ያነብባል።