አንዴ ተጽፎ ብዙ ቦታ የሚሠራ ፊልተር

ኮምፒውተር ሥዕልን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እንደ ፎቶ በጥቃቅን ነጥቦች ይመዘግበዋል። ሁለተኛው፣ ቬክተር የሚባለው፣ መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስና ክቡ ምን ያህል እንደሚሰፋ በቃልና በቁጥር ይጽፈዋል፤ ስለዚህ ቢያሳድጉት አይደበዝዝም። በድረ ገጽ ላይ የምናየው ቬክተር በብዛት የሚጻፈው ኤስቪጂ በተባለ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው ዕትም በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. መደበኛ ሆኖ ጸድቋል።

በኤስቪጂ ውስጥ ፊልተር ማለት ሥዕሉ ስክሪን ላይ ከመውጣቱ በፊት መልኩን የሚለውጥ ትእዛዝ ነው። ጥላን እንውሰድ። ፊልተሩ መጀመሪያ ቀለሙን ትቶ የሥዕሉን ቅርጽ ብቻ ያነሣል፤ ያደበዝዘዋል፤ ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ዋናውን ሥዕል ከላዩ ይደርብበታል። የአንዱ እርምጃ ውጤት ለቀጣዩ ግብዓት ይሆናል።

ከእርምጃዎቹ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ እብነ በረድ ወይም ደመና የሚመስል ዝንጉርጉር መልክ ከምንም ተነሥቶ የሚሠራው ነው። ስሌቱ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የኬን ፐርሊን ነው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ከወጣው «ትሮን» ፊልም ሥራው በኋላ ያፈለቀው ሲሆን፣ በ1997 የኦስካር አካዳሚን የቴክኒክ ሽልማት አስገኝቶለታል። ዛሬ ጥቂት መስመር ኮድ ጽፎ ያንኑ ስሌት ማዘዝ ይቻላል።

ፊልተሩ መለያ ስም ይሰጠዋል። «ጥላ» ብለን ከሰየምነው ቁልፉም፣ ርእሱም፣ ፎቶውም በአንድ መስመር ይጠሩታል፤ የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ በሲኤስኤስ በኩል ሲጠራ ተራ የድረ ገጽ ጽሑፍ ላይም ይሠራል። የማደብዘዣውን ቁጥር አንድ ቦታ ብንቀይር የሁሉም ጥላ ይቀየራል። ቁጥሩን ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እየለዋወጠ እንቅስቃሴ ሊፈጥርበትም ይችላል።

ፊልተርን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስንወስድ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በአንድ ገጽ ሁለት ፊልተሮች አንድ ስም ከያዙ የማንፈልገው ሊሠራ ይችላል። የፊልተሩ ክልል ካልተወሰነለት ከሥዕሉ ውጭ በየጎኑ 10 በመቶ ብቻ ስለሚዘልቅ፣ ሰፊ ጥላ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ቀለሙ ከጠበቅነው ከፈካም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፊልተሩ የሚያሰላበት የቀለም ስሌት ነው፤ እሱንም በአንድ ቃል ማስተካከል ይቻላል።

ለመጀመር ኢንክስኬፕ የተባለው ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ይበቃል፤ ከብዙ የተዘጋጁ ፊልተሮች ጋር ይመጣል። በአንድ ሥዕል ላይ የወደዳችሁትን አድርጉና አስቀምጡት፤ ከዚያም ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱት። ፊልተሩን ከነቁጥሮቹ ታገኙታላችሁ፤ ገልብጣችሁ ወደ ኮዳችሁ አስገቡት።