ከመፈረም በፊት የሚጠራ ባለሙያ

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ የገዛ ሰው የርክክቡ ቀን ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን አይቶ፣ በሩን ከፈት ዘጋ አድርጎ ይፈርማል። ዓመታት የጠበቀው ቤት ነውና አይፈረድበትም። ከመፈረሙ በፊት ቤቱን ረጋ ብሎ የሚመረምርለት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ግንባታ ላይ ለቆየ መሐንዲስ ወይም ፎርማን ይህ ጥሩ እንጀራ ነው።

መሣሪያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውኃ ልክ፣ ሜትር፣ የሶኬት መፈተሻና ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ለመነሻ ይበቃል። ብዙ ጊዜ መስጠት ያለብን ለመታጠቢያ ቤቱ ነው። የወለሉን ማፍሰሻ ደፍኖ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ማቆር፣ 24 ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያም የታችኛውን ቤት ጣሪያ ማየት። እርጥበት ከታየ የውኃ መከላከያው በደንብ አልተሠራም ማለት ነው፤ መፍትሔውም ሴራሚኩን ነቅሎ እንደገና መሥራት ነው። ማፍሰሻው ሲከፈት ደግሞ ጥግ ላይ የሚቀር ውኃ ካለ ወለሉ ተዳፋቱን አልጠበቀም። ሴራሚኩን በሳንቲም መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ በሲሚንቶ አልሞላም።

ስንጥቅ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ብሎኬት ከኮለን በሚገናኝበት መስመር ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የልስን ጉዳይ ነው። ኮለኑ ወይም ቢሙ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን በግምት አይፈረድም፤ «የስትራክቸር መሐንዲስ ይየው» ተብሎ ይጻፋል።

ደንበኛው የሚከፍለው ለሪፖርቱ ነው። «ግድግዳው ችግር አለበት» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። «ሳሎን፣ ከመስኮቱ በስተግራ ያለው ሶኬት ኧርዝ የለውም» ተብሎ ከነፎቶው ሲቀርብ ግን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ በወኪል የሚረከበው ሰውም ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩን ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ይሁንና በርክክብ ቀን በግልጽ እየታየ ሳይመዘገብ ስለታለፈ ጉድለት በኋላ መከራከር ከባድ ነው።

ክፍያ ከገዢው ብቻ ይሁን። ከአልሚው ኮሚሽን መቀበልም ሆነ ያገኙትን ጉድለት ራስ ለመጠገን መዋዋል ሪፖርቱን ዋጋ ያሳጣዋል። የንግድ ፈቃዱ በየትኛው የሥራ መደብ እንደሚወጣ አስቀድሞ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይሻላል። ውሉ ላይም ያልታየው ነገር፣ ለምሳሌ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ፣ «አልተመረመረም» ተብሎ በግልጽ ይስፈር።