ስለ ሻይ ቅጠልና ስለ አዘገጃጀቱ ሥርዓት

ጥቁር ሻይ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ኡሎንግ እየተባለ በልዩ ልዩ ስም የሚሸጠው ሁሉ ከልዩ ልዩ ተክል የሚለቀም ለሚመስለው ሰው፣ የሁሉም እናት የዕፀዋት ሊቃውንት ካሜሊያ ሲነንሲስ ብለው የሚጠሩት አንድ ተክል መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ሻዮቹ በባሕርይ አንድ ሲሆኑ የሚለያዩት ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በሚፈጸምበት ግብር ነውና። ይህም ለብዙ አውሮፓውያን ሳይገለጥ የኖረ ነገር ስለ ነበር፣ ስኮትላንዳዊው የዕፀዋት አዋቂ ሮበርት ፎርቹን በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ቻይና ዘልቆ ጥቁሩም አረንጓዴውም ከአንድ ተክል እንደሚገኙ አይቶ መስክሯል።

አረንጓዴው ሻይ ቅጠሉ እንደ ተለቀመ ሳይውል ሳያድር በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ስለሚመታ የተፈጥሮ መልኩን እንደ ያዘ ይደርቃል፤ ጥቁሩ ግን እንዲጠወልግ ከተሰጣ በኋላ ይታሻል፣ የቆሰለውም ቅጠል ከአየር ጋር ተዋሕዶ መዳብ እስኪመስል ይቆይና በመጨረሻ በእሳት ሙቀት ይደርቃል፤ ኡሎንግ የተባለው በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። እንግዲህ ሻይን አሳምሮ ማዘጋጀት ማለት፣ ቅጠሉ ያለፈበትን ይህን ግብር ተገንዝቦ የቅጠሉን መጠን፣ የውሃውን ሙቀትና የቆይታውን ጊዜ ለእርሱ እንደሚስማማ መወሰን ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ክዳን ያለው በራድ፣ ማጥለያና ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ቅጠሉ ውሃ ሲያገኝ እየተፈታ ስለሚሰፋ፣ በጠባብ ማጥለያ ታፍኖ ከሚቀመጥ ይልቅ በበራዱ ውስጥ እንደ ልቡ ተዘርግቶ፣ ሲቀዳ ቢጠለል ይሻላል። መጠኑም 200 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ስኒ ከ2 እስከ 3 ግራም ሲሆን፣ ለደቃቁ ጥቁር ሻይ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ሳይሰበር የተጠቀለለው ትልቅ ቅጠል ግን ቦታ እየያዘ ክብደቱ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ማንኪያው ያታልላልና ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል።

ስለ ሙቀት፣ ጥቁሩ ሻይ የሚፈልገው የፈላ ውሃ ሲሆን አረንጓዴው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ይረካል፤ ከዚህ ካለፈ መራራነቱ መዓዛውን ይሸፍንበታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ለጥቁር ሻይ በራዱን በሙቅ ውሃ አለቅልቆ አሙቆ፣ ውሃው እየተንተከተከ ሳለ ጨምሮ ወዲያው መክደን ይገባል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰውም አይጨነቅ፤ በ8ኛው መቶ ዓመት ስለ ሻይ መጽሐፍ የጻፈው ቻይናዊው ሊቅ ሉ ዩ የውሃውን አፈላል ይለይ የነበረው አረፋው የዓሣ ዓይን ሲመስል፣ በዕቃው ጠርዝ እንደ ዕንቍ ሲሰካካና እንደ ማዕበል ሲናወጥ እያየ ነበር።

ቅጠሉ በውሃ ውስጥ መዓዛውንና ለዛውን ቶሎ ሲሰጥ፣ ምላስን የሚያጣብቀው ምሬት ግን ዘግይቶ እየበዛ ይወጣል። ስለዚህ ጥቁሩ ከ3 እስከ 5፣ አረንጓዴው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሳይዘገይ ይቀዳ፤ ጠንከር ያለ ሻይ የሚወድም ጊዜውን ከማርዘም ቅጠሉን ቢጨምር ይሻለዋል። ቅጠሉን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር እሳት ላይ ጥዶ ማንተክተክ በብዙ ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ ቀረፋው ልጥ፣ ቅርንፉዱም ደረቅ እንቡጥ ስለ ሆነ መፍላቱ ሲጠቅማቸው ቅጠሉን ግን ይጎዳዋል፤ ቅመሙ አስቀድሞ ፈልቶ ውሃው ከእሳት ከወረደ በኋላ ቅጠሉ ቢጨመርበት ሁለቱም ያላቸውን መልካም ነገር ይሰጣሉ። ኡሎንግና ጥሩ አረንጓዴ ሻይ ደግሞ በአንድ ጊዜ ስለማያልቁ፣ በዚያው ቅጠል ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ውሃ ቢደገም የየራሱ ጣዕም ይኖረዋል።

ከኢሉባቦሩ የጉመሮ ሻይ እርሻም ሆነ ከከፋው የውሽውሽ ሻይ እርሻ፣ ወይም ከሩቅ አገር የመጣ ቅጠል፣ ሽታ ፈጥኖ የሚስብ ጠባይ ስላለው ከበርበሬና ከቡና ተለይቶ፣ ብርሃንና እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ። ጀማሪ የሆነ ሰውም አንድ ዓይነት ቅጠል መርጦ፣ ከሦስቱ መጠኖች፣ ማለትም ከቅጠሉ ብዛት፣ ከውሃው ሙቀትና ከቆይታው ጊዜ፣ አንዱን ብቻ እየለወጠ ሁለቱን ሳይነካ ቢቀምስ፣ ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ ሳይቸገር ይለየዋል፤ ሦስቱን በአንድነት የሚለዋውጥ ግን ሻዩ ቢጥመውም ባይጥመውም ምክንያቱን አያውቅም።